ያለ ጋሼ አንሙት ፊሽካ

ጋሼ አንሙት በሕይወት ሳሉ አጥብቀው የሚያዝኑለት ሰው ቢኖር የዕድሩ ጥሩንባ ነፊ ነበር። «እኔ የሞትሁ ዕለት ያ ሰውየ መከራውን ያያል» ይሉ ነበር። «‹አንሙት ሞተ› ብሎ ሲለፍፍ ሰዉ ቀልድ መስሎት ከቤቱ አይወጣለትም።»

ባለፈው ወር ልጃቸው ባንቺአምላክ ደወለችልኝና «አባየ ያለው ደረሰ» ብላ ስትጀምር ወዲያው ገባኝ። ጥሩንባ ነፊው በፍኖተ ሰላም መንገድ «አንሙት ሞተዋል!» እያለ ሲያልፍ፣ አንዲት ጠላ ሻጭ ከደጃፏ ብቅ ብላ «ታዲያ ማን እንሙት አለ?» አለችው አሉ። ባንቺ ይህን የነገረችኝ እያለቀሰችና እየሳቀች ነው። እኔም ደብረ ማርቆስ ቤቴ ውስጥ ስልኩን በጆሮዬ እንደያዝሁ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ማልቀሱ በኋላ መጣ።

ጋሼ አንሙት የፍኖተ ሰላም መናኸሪያ የስምሪት ሠራተኛ ነበሩ። ሥራቸው መኪናው በተራው መጫኑን አይተው፣ መውጫ የምትባለውን ብጣሽ ወረቀት ለሾፌሩ ሰጥተው፣ ፊሽካ መንፋት ነው። ፊሽካቸው ቋንቋ ነበረው። አንድ አጭር ሲነፉ የቡሬው ይወጣል፤ ሁለት አጭር ሲነፉ የደምበጫው፤ አንድ ረጅም ከሆነ የአዲስ አበባው። ሾፌሩ የቱንም ያህል ቢቸኩል፣ ተሳፋሪው የቱንም ያህል ቢጮህ፣ ያቺ ፊሽካ ሳትነፋ ጎማ አይንቀሳቀስም። «ያለ ጋሼ አንሙት ፊሽካ ፀሐይም አትወጣ» እያሉ ረዳቶቹ ያሾፉ ነበር።

እኔ ያወቅኋቸው ቤት ስፈልግ ነው። ፕላዝማ የሚሉት ቴሌቪዥን በየክፍሉ ተሰቅሎ፣ መምህሩ ከጎኑ እንደ መኪና ረዳት ቆሞ «ሰማችሁ?» የሚልበት ዘመን ነበር። እኔ የአማርኛ መምህርት ስለሆንሁ ፕላዝማው አልደረሰብኝም። ደላላው ወደ ጋሼ አንሙት ግቢ ሲወስደኝ «ሴት ተከራይ ብቻ ነው የሚቀበሉ፤ እሷንም መርምረው» ብሎ አስጠነቀቀኝ። እውነቱን ነበር።

«ባል አለሽ?» አሉኝ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ እያዩ።

«የለኝም።»

«በቅርቡ ልታገቢ አስበሻል?»

«አሁን አላሰብሁም።»

«እንግዳ ይመጣብሻል?»

«እናቴ አልፎ አልፎ ትመጣ ይሆናል።»

«እናትሽ ትምጣ።» ጥቂት አሰቡና «ስትመጣ ግን ቀድመሽ ንገሪኝ፤ የምትመጣበትን መኪና አውቀዋለሁ» አሉ። ከዚያ ቁልፉን ሰጡኝና ሕጉን ነገሩኝ፦ «እዚህ ግቢ ያለ መውጫ አይወጣም።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሳምንት ሳይሞላኝ፣ ደመወዝ የምበላ ትልቅ ሴትዮ፣ በሩ ላይ ቆሜ «ጋሼ፣ ገበያ ደርሼ ልመጣ ነው» ስል ራሴን አገኘሁት። እሳቸውም «ደግ፤ በጊዜ ግቢ» ይሉኛል። «በጊዜ ግቢ» የምትለዋ ቃል የሰላምታቸው መዝጊያ ነበረች። አንዴ ወደ ውኃ ቧንቧው ስሄድ፣ ቧንቧው ያለው እዚያው ግቢ ውስጥ ሆኖ፣ «በጊዜ ግቢ» ብለውኛል።

እኔ ላይ ይህ ከሆነ ባንቺ ላይ ምን እንደነበር አስቡት። ባንቺ ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቋ ቀድሟት የሚገባ ልጅ። እናቷ የሞተችው እሷ ገና ጡት ሳትረሳ ነው። ጋሼ አንሙት ሌላ ሚስት ሳያገቡ ብቻቸውን አሳደጓት። ሹሩባዋን እንኳ ቅዳሜ ቅዳሜ ጉልበታቸው ሥር አስቀምጠው የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ። ለምን ለሹሩባ ሠሪ አይሰጧትም ብዬ ብጠይቃቸው፣ «የነዚያ ሴቶች አፋቸው ከጣታቸው ይፈጥናል። አንድ ሹሩባ ሳይጨርሱ ልጀን ለሦስት ሰው ይድሩብኛል» አሉኝ። ሹሩባው እንደ ሠሪው ነበር፤ ከመጥበቁ የተነሳ ባንቺ እሑድ እሑድ ቅንድቧ ወደ ላይ ተስቦ የተገረመች ትመስላለች።

ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ያለው መንገድ ሁሉ የእሳቸው ዓይን ነበር። ሊስትሮው ያያል፣ ባለ ሱቁ ያያል፣ የመኪና ረዳቱ ይሰማል፤ ወሬው መናኸሪያ ሲደርስ ባንቺ ገና መንገድ ላይ ናት። አንድ ቀን ከጓደኛዋ ጋር ሻይ ቤት ገብታ ቦምቦሊኖ በላች። ማታ እራት ላይ ጋሼ አንሙት ቀና ሳይሉ፣ «ቦምቦሊኖው ዘይት አልበዛበትም?» አሏት። በሌላ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎችን ለጉብኝት ሽንዲ ወሰደ። እኛ ከመኪና ስንወርድ ጋሼ አንሙት ከኋላችን ካለው ቅጥቅጥ ይወርዳሉ።

«ጋሼ፣ ምነው በደህና?» አልኋቸው።

«ለሥራ ነው የመጣሁ። የሽንዲን መናኸሪያ ልጎበኝ።»

ሽንዲ ያኔ መኪና የሚቆመው አንድ ዋርካ ሥር ነበር። ጋሼ አንሙት ቀኑን ሙሉ ዋርካውን ጎበኙ።

ታዲያ ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። ድምፃቸው ትልቅ፣ ሳቃቸው ከድምፃቸው የሚበልጥ፣ ለታመመ ተሳፋሪ የራሳቸውን ወንበር የሚሰጡ ሰው ነበሩ። ባንቺም አትፈራቸውም፤ ትወዳቸዋለች። ችግሩም እሱ ነበር። የምትፈራውን ሰው አምልጦ መሄድ ይቻላል፤ የምትወደውን እንዴት ታመልጠዋለህ?

ለምን እንዲህ እንደሆኑ አንድ የክረምት ቀን ራሳቸው ነገሩኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ በረንዳ ላይ ቆመን እስኪያባራ እንጠብቅ ነበር።

«እናቷን በፊሽካየ የሸኘኋት እኔ ነኝ» አሉ ድንገት። «ታማ ባሕር ዳር ስትላክ ተረኛው እኔ ነበርሁ። የሚተካኝ ሰው ቀረ። ‹ነገ እደርስብሻለሁ› ብየ፣ መውጫውን ሰጥቸ፣ ፊሽካየን ነፋሁ። በመስኮት እጇን አወጣችልኝ። በማግሥቱ አስከሬኗ መጣ።»

«ጋሼ፣ ፊሽካው ምን አደረገ? ባይነፉስ መዳኗ ነበር?»

«አውቃለሁ እኮ መምህርት። ማወቅ ምን ይሠራል?» ብለው ወደ ዝናቡ ዞሩ። ከዚያ ወዲህ በር ላይ «ልወጣ ነው» ስላቸው አኩርፌ አላውቅም።

በዚያው ክረምት የፈተናው ውጤት መጣ። ባንቺ ማለፍ ብቻ ሳይሆን፣ ከትምህርት ቤቱ ቀዳሚዎች አንዷ ሆነች። ምደባዋ ወጣ፦ ፋርማሲ፣ ጅማ። ጋሼ አንሙት ለደስታው በግ አረዱ፣ ጎረቤት ጠሩ፣ ሁሉም በልቶ ሲጨርስ ተነሥተው «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አልፋለች። ኮሌጅ ግን እዚሁ ትገባለች» ብለው ተቀመጡ።

ሽማግሌ ተላከባቸው። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አደላድለው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ...» ብለው ሲጀምሩ ጋሼ አንሙት ወደ ባንቺ ዞረው «ልጀ፣ ውኃ አምጭላቸው፤ ጥሩ ውኃ ብለዋል» አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተስፋ ሳይቆርጡ «አያ አንሙት፣ ቀስ በቀስ እኮ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል» ቢሉ፣ «እንቁላሉ ይሂድ። ልጅቱ ግን ትቀመጥ» አሏቸው። ሽማግሌዎቹ እየሳቁ ወጡ። ባንቺ ግን ወጥ ቤት ገብታ ስታለቅስ አገኘኋት። ያለ ፈቃዳቸው እንደማትሄድ አውቅ ነበር። «ሳይመርቀኝ ብሄድ መንገዱ ይጠፋብኛል» አለችኝ።

የትምህርት ቤታችን ልማድ ነበርና፣ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ ተማሪዎች መስቀል ካለፈ በኋላ በድራማ ይሸኛሉ። ስማቸው የሚባለው የታሪክ መምህር በዚያ ዓመት ከኮሌጅ ይዞት የመጣውን አንድ የጥንት የባዕድ አገር አሳዛኝ ድርሰት ወደ አማርኛ መለሰው። ታሪኩ አጭር ነው። አንድ ንጉሥ አንዲት ልጁን ከግንቡ አላስወጣም ይላል። ልጅቱ ከወንዙ ማዶ ያለውን አገር ካላየሁ ብላ ስትነሣ አባትየው ይረግማታል። ወንዙ ይወስዳታል፤ ንጉሡም በሐዘን ሬሳዋ ላይ ይሞታል። ስማቸው ልጅቱን እንድትጫወት ባንቺን መረጠ። ሆን ብሎ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልነገረኝም። አማርኛውን ያረምሁት እኔ ነኝ፤ በተለይ እርግማኑን አሳምሬ ጻፍሁት። እንዲህ ይላል፦ «ሂጂ! የሄድሽበት አይቅናሽ። የረገጥሽው እሾህ ይሁንብሽ። የጠጣሽው መርዝ ይሁንብሽ። መንገድሽ መመለሻ አይኑረው።»

ጋሼ አንሙት ድራማውን በአንድ ውል ፈቀዱ፦ «ትጫወት። እኔ እያየሁ።»

እናም ልምምዱ ሁሉ እሳቸው ባሉበት ሆነ። ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ልጅቱን የሚወደውን ልዑል የሚጫወተው ተማሪ ወደ ባንቺ ትንሽ ጠጋ ሲል፣ ጵጵጵ! ልጁ ባለበት ይደርቃል። «ልዑል ሆይ፣ ተራህን ጠብቅ!» ይላሉ። ድርሰቱ ላይ ልዑሉ እጇን ይዞ ሊያለቅስ ነበር፤ ስማቸው ተሸንፎ ከሩቅ እንዲያለቅስ አደረገው።

ንጉሡን የሚጫወተው ልጅ ደግሞ ድምፁ የላላ ነበር። «ከደጄ አትወጪም!» የሚለውን ሻይ እንደሚያዝ ሰው አለሳልሶ ይለዋል። ጋሼ አንሙት በመጀመሪያው ቀን ታገሡ፣ በሁለተኛው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በሦስተኛው ግን ብድግ አሉ።

«አይ ልጀ! አባት እንዲህ አይከለክልም!» ብለው መድረኩ ላይ ወጡ። ባንቺን አዩአትና፣ «ከደጄ አትወጭም!» አሉ። የአዳራሹ መስኮት ተንቀጠቀጠ። ስማቸውም «ጋሼ፣ እባክዎን ንጉሡን እርስዎ ይሁኑልን» አላቸው። ንጉሥ የነበረው ልጅ እንደ ተገላገለ ሰው ዘውዱን ሮጦ አመጣላቸው።

ሲጫወቱ ማየት ነበር! ቃሉን በአንድ ሳምንት ውጠው ጨረሱት። ግን አንድ ነገር እምቢ አሉ። እርግማኑ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እዚህ ላይ እረግማታለሁ» ይሉና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ልስማው» ይላል ስማቸው።

«በዕለቱ ትሰማዋለህ። የንጉሥ እርግማን ለልምምድ አይባክንም።»

እውነተኛውን ምክንያት እኔ አውቅ ነበር፤ ምክንያቱም መሪጌታ ሐዲስ ዘንድ ሲጠይቁ ከኋላቸው ነበርሁ። መሪጌታ ሐዲስ የሰበካቸው ሊቅና ቄስ፣ የቤተሰቡ የንስሐ አባት ናቸው። ጋሼ አንሙት ከቅዳሴ በኋላ ቅጽሩ ሥር ይዘዋቸው፣ «አባቴ፣ እንዲያው ለጨዋታ ብየ፣ በድራማ፣ ልጀን ብረግማት ይይዛል?» አሏቸው።

መሪጌታ ጭራቸውን አወዛወዙ። «ልጅህ ናት?»

«ናት።»

«አፉ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«እንግዲህ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የአባት ቃል መድረክ አያውቅም፤ እርግማንም ቢሆን፣ ምርቃትም ቢሆን።»

ጋሼ አንሙት «ይቅርብኝ» ማለት ደግሞ አይሆንላቸውም፤ ከተማው በሙሉ ንጉሥ መሆናቸውን ሰምቷል፣ ሾፌሮቹ ሳይቀሩ «ጃንሆይ» እያሉ ነው መውጫ የሚቀበሏቸው።

ባንቺም የራሷ ሐሳብ ነበራት። ከሽኝቱ በፊት በነበረው ቀን ልብስ እያጠብን፣ «መምህርት» አለችኝ፣ «አባየ በሕይወቱ አንድ ቀን ‹ሂጅ› ሊለኝ ነው። እሱንም ሊረግመኝ ሲል።» ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ዩኒቨርሲቲው የሚጠራበት ቀን ደርሷል፤ ከዚህ ድራማ በኋላ የምትለምንበት ጊዜ አልቀራትም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ፤ ሰው መስኮት ላይ ሳይቀር ተንጠለጠለ። ሾፌሮችና ረዳቶች መጡ፤ ስንዴውን ሸጦ ከገበያ የሚመለስ ገበሬ ጆንያውን ይዞ ገባ። መሪጌታ ሐዲስ ከፊት ተቀምጠዋል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ድርሰቱን ይዤ፣ ቃል የጠፋበትን በሹክሹክታ የማስታውስ ሆንሁ።

ጋሼ አንሙት በካርቶን ዘውድ ሲወጡ ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዚያ ግን ጸጥ አለ፤ እውነት ነበራ! ሁሉም የሚያውቀው አባት፣ ሁሉም የሚያውቃትን ልጅ፣ ሁሉም በሚያውቀው ነገር ይከለክላታል። ባንቺ ፊታቸው ቆማ «አባቴ ሆይ፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን አገር ልየው» ስትል ድምፏ ተሰበረ። ይህ በልምምድ አልነበረም።

ጋሼ አንሙት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። «ሂጂ!» አሉ።

ቆሙ። እጃቸው እንደተነሣ ቀረ። እኔ ቃሉ የጠፋባቸው መስሎኝ ከመጋረጃው ጀርባ «የሄድሽበት አይቅናሽ» አልሁ በሹክሹክታ። ደገምሁት፦ «አይቅናሽ... አይቅናሽ...»

«ዝም በይ አንች!» ብለው ወደ መጋረጃው አንባረቁ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ እስኪያልቅ እጃቸውን አላወረዱም። ከዚያ የተዘረጋ መዳፋቸውን ቀስ አድርገው ወደ ባንቺ ራስ አወረዱት፣ እዚያ ራሳቸው በጎነጎኑት ሹሩባ ላይ አሳረፉት።

«ሂጅ ልጀ» አሉ፣ አሁን በንጉሥ ድምፅ ሳይሆን በራሳቸው። «የሄድሽበት ይቅናሽ። የረገጥሽው ለምለም ይሁንልሽ። የጠጣሽው ጠበል ይሁንልሽ። መንገድሽ...» ሹሩባዋን በጣታቸው ዳበስ አደረጉ። «መንገድሽ መመለሻ ይኑረው።»

መጀመሪያ የተነሡት መሪጌታ ሐዲስ ናቸው። መዳፋቸውን ዘርግተው «አሜን!» አሉ። ምርቃት ሰምቶ ዝም የሚል ጎጃሜ የለምና አዳራሹ በሙሉ ብድግ ብሎ፣ መስኮት ላይ የተንጠለጠለውም ሳይቀር፣ «አሜን!» አለ። ባንቺ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፣ ዓይኗን እየጠረገች በበሩ ወጣች።

ስማቸው ከጎኔ ሆኖ ራሱን ይዟል። «ገደሉኝ! አሁን ማን ሊሞት ነው?» ይላል። ይባስ ብሎ መልእክተኛውን የሚጫወተው ተማሪ ተራው ደርሶበት፣ ከዚህ የተለየ ነገር አልተነገረውምና፣ እየሮጠ ገብቶ ተንበረከከ፦ «ንጉሥ ሆይ፣ መርዶ ይዤ መጣሁ! ልጅዎን ወንዝ ወሰዳት!»

«አፍህ ይቆረጥ!» አሉ ጋሼ አንሙት። «አሁን አይደል እንዴ በዚህ በር የወጣች?»

ያ አሳዛኝ ድርሰት እዚያ ላይ አለቀ። ሰው እንባውን የጠረገው ከሳቁ ብዛት ይሁን ከሌላ ነገር መለየት አልቻልሁም። እኔ ግን ከመጋረጃው ጀርባ አለቀስሁ፤ ያንን ያሳመርሁትን እርግማን ወረቀቱ ላይ እያየሁ፣ እንኳን አላሉት ብዬ።

በማግሥቱ ጋሼ አንሙት ሊያፈገፍጉ ሞክረው ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ መሪጌታ ሐዲስ ወደ ግቢያችን ጎራ ብለው «ልጅቱ መቼ ነው የምትሄድ?» ሲሏቸው፣ «ኧረ አባቴ፣ ድራማ እኮ ነው» አሉ።

«አሜን ያልነውስ ድራማ ነው?» አሉ መሪጌታ። «ያን ሁሉ ሕዝብ በከንቱ አሜን አሰኝተህ የት ልትገባ ነው?»

ጋሼ አንሙት መሬቱን በከዘራቸው ጫሩ። ሰኞ መናኸሪያ ሲገቡ ደግሞ ሾፌሮቹ እየተቀባበሉ «እንኳን ደስ ያለዎ! ጅማ መቼ ናት?» ይሏቸው ጀመር። ፈረስ ቤት ከተማ የሚመላለሰው ሾፌር ለመንገዷ ማር ይዞ መጣ። አንዲት የደምበጫ ነጋዴ ብርድ ልብስ ሰጠች። ማርና ብርድ ልብስ ከተቀበሉ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ የለም።

ቃሉ አምልጧቸው ነው ወይስ አስበውበት? ባንቺ ተመርቃ፣ ቡሬ ተመድባ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት እየመጣች «የት ቆየሽ?» በሚሏት ዘመን ይህንኑ ጠየቅኋቸው። ጺማቸውን ዳበሱና፣ «ተራዋ ደርሶ ነበር» አሉኝ። «ተራው የደረሰን መኪና ማስቀረት በእኛ ሥራ ወንጀል ነው።»

የመሄጃዋ ጠዋት ግን ቀላል አልነበረም። ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ደረስን። ጋሼ አንሙት የአዲስ አበባውን አውቶቡስ ጎማ አንድ በአንድ በእግራቸው መቱ። ከዚያ ሾፌሩን ካሴን አስወርደው መረመሩት።

«ትናንት በጊዜ ተኝተሃል?»

«ተኝቻለሁ ጋሼ።»

«ጠጥተሃል?»

«ኧረ ጋሼ፣ ሃያ ዓመት ያውቁኛል!»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

ባንቺን ከሾፌሩ ጀርባ፣ ከአንዲት መነኩሲት ጎን አስቀመጧት። «እማሆይ፣ አደራ።» እማሆይ «ልጄ፣ እኔ የምቀረው አዲስ አበባ ነው» ቢሏቸው፣ «እስከዚያ ይጠብቁልኝ። ከዚያ ወዲያ ላለው ሌላ መነኩሲት አፈላልጋለሁ» አሉ። ከዚያ ወርደው በመስኮቱ በኩል ቆሙ። ምን ሊሏት ነው ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ። ለዓመታት ጅማ ልትቀመጥ የምትሄደውን ልጃቸውን አዩአትና፣ «ባንች» አሏት፣ «በጊዜ ግቢ።»

«እሺ አባየ» አለች።

መውጫውን ለካሴ ሰጡ። ፊሽካውን አፋቸው ውስጥ አስገቡ። ነፉ፤ እፍ ብቻ ሆነ። እንደገና ነፉ፤ አሁንም ትንፋሽ ብቻ። ካሴ ሞተሩን አስነሥቶ፣ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ይጠብቃል። የቡሬው፣ የደምበጫው፣ የፈረስ ቤቱ መኪናዎች ሁሉ ሞተራቸውን አስነሥተው በተራቸው ቆመዋል። እሳቸው በመስኮት የወጣች አንዲት እጅ እያዩ እንደነበር አውቃለሁ፤ የባንቺ ይሁን የእናቷ ግን አላውቅም።

ያኔ ባንቺ አንገቷን በመስኮቱ አወጣች። እንደ ሾፌሮቹ ድምፅዋን አጎርንና፣ «ጃንሆይ! መውጫ ይስጡን እንጂ፣ ተራችን አለፈ!» አለች።

ጋሼ አንሙት በእንባቸው መሃል ሳቁ። ሳቁ ትንፋሻቸውን ፈታው መሰለኝ፣ ፊሽካዋ ጮኸች። ጮኸችና አላቆመችም። አጭርም ረጅምም አልነበረም፤ የሚያውቁትን ቋንቋ ሁሉ ረስተው ዝም ብለው ነፉት፣ ነፉት። የአዲስ አበባው ወጣ። የቡሬው ሾፌር የእኔ ነው ብሎ ተከተለ። የደምበጫውም የእኔ ነው አለ። የፈረስ ቤቱ፣ ገና ግማሹን ያልጫነው ሳይቀር፣ እየተጋፋ በአንድ በር ወጣ። ሴቶች ዶሮ እንደታቀፉ እየጮሁ ሮጡ፣ ረዳቶች በሩ ላይ ተንጠለጠሉ፣ ደቂቃ ሳይሞላ መናኸሪያው ባዶ ሆነ። በሃያ ዓመት ሥራቸው እንዲህ ያለ ስህተት ሠርተው አያውቁም ነበር።

መኪና ያመለጣት አንዲት ባልቴት ዘንቢሏን ይዛ መጣችባቸው። «ምነው አያ አንሙት? ምን ነካዎ? ሁሉንም ለቀቁት እኮ!»

ጋሼ አንሙት ፊሽካቸውን ከአፋቸው አወጡ። አቧራው ገና ያልሰከነውን በር አዩ።

«ልጀ ሄዳ» አሉ፣ «እነሱ ምን ሊሠሩ ይቀራሉ?»